ወፍጮው ሐይቁን የተሻገረ ዕለት

ባለፈው ግንቦት ናዝሬት ገበያ ውስጥ በርበሬ ስመርጥ፣ ደንገል የተጫነ አህያ በአጠገቤ አለፈ። ደንገሉ ገና እርጥብ ነበር። ሽታው ጭቃ፣ ሣርና ዓሣ ይመስላል፤ ግን ከሦስቱ አንዱንም አይደለም። በርበሬውን አስቀምጬ አህያውን ተከተልኩት። ነጂው ዘወር ብሎ፣ "እመቤት፣ ሊገዙኝ ነው?" አለኝ። "አይ፣ ዝም ብዬ ነው" አልኩት። ዝም ብሎ አህያ የሚከተል ሰው አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ አህያውን ቸብ አድርጎ ፈጠነ።

እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ላይ ቀረሁ።

ጣልያን ከመግባቱ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ በትክክል አላውቀውም። ናዝሬት ያን ጊዜ አዳማ ነበረች፤ ከባቡር ጣቢያውና ከጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች በቀር ብዙም አልነበራት። አባቴ ጣቢያው ውስጥ ዕቃ ያወርድ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ታማ አልጋ ስትይዝ የሚጠብቀኝ ሰው ጠፋ። ስለዚህ አባቴ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ወዳለችው የትውልድ ደሴቱ ወሰደኝና ለእህቱ ለዘነበች ሰጥቶኝ ተመለሰ። አንድ በጋ እዚያ ቆየሁ።

አክስቴ ዘነበች ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ስትናገር የሰው ፊት ሳይሆን የገዛ እጇን የምታይ ሴት ነበረች። የግራ እጇ ትንሽ ጣት ታጥፎ የቀረ ነው። ከመፍተል ብዛት የመጣ ይመስለኝ ስለነበር፣ እንዝርት ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር የራሴን ጣት እየሰረቅኩ አየው ነበር። ባሏን ትታ የወጣችው እኔ ከመድረሴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ለምን እንደወጣች ስጠይቃት፣ "ቤቱ ጭስ ይበዛዋል" አለችኝ። አመንኳት። ጣቷ ከዚያ ቤት ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል ብዬ ያሰብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የራሷን ጎጆ ከአባባ ደምሴ አጥር ጥግ ቀልሳ ነበር። አባባ ደምሴ የእሷና የአባቴ አጎት፣ ታንኳ በመጥፈር የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ጎጆው ውስጥ መደብ፣ ሁለት እንስራና ጥጥ የሞላ ቅርጫት አለ። ወፍጮ ግን የለም። በየማለዳው እህላችንን ይዘን ጎረቤት እንሄድና፣ የቤቲቱ እመቤት ፈጭታ እስክትጨርስ ደጅ ቆመን እንጠብቃለን። አንዳንዷ ትፈጥንልናለች፤ አንዳንዷ ዱቄቱን በእጇ እየሰፈረች፣ እየዘፈነች ታቆየናለች።

ይህን የባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ሽብሩ ያውቃል። ሽማግሌዎች ይዞ ሊያስታርቅ በመጣ ዕለት፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየና፣

"ይኼ ቤት አይደለም፤ መጠለያ ነው" አለ። "በሰው ወፍጮ የምትፈጭ ሴት መንገደኛ ናት። መንገደኛ ደግሞ መሽቶም ቢሆን ወደ ቤቱ ይመለሳል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በደሴቲቱ የቆየ አባባል ነውና ሐሰት ነው የሚል ጠፋ። ታላቃቸው አባ ወልዴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እንመጣለን፣ ዘነበች። ቤት ካለሽ ቤትሽ እንቀመጣለን። ከሌለሽ ከሽብሩ ጋር ትሄጃለሽ።"

አክስቴ እጇን እያየች "እሺ አባቴ" አለች። ሲሄዱ ግን አባባ ደምሴን፣ "እሑድ ታንኳዋ ነጻ ናት?" ብላ ጠየቀቻቸው።

የደሴቲቱ ድንጋይ ይፈረፈራል፤ ለወፍጮ አይሆንም። ደህና ድንጋይ የሚገኘው ከየብስ፣ ከመቂ ወንዝ አፍ አካባቢ ነው። እዚያ የአባባ ደምሴ ወዳጅ ልጅ የሆነው ቱፋ ይኖራል። አክስቴ የሁለት ክረምት ፈትሏን ሰጥታ፣ አንድ ወፍጮ ከነመጁ፣ በእጅ ከሚገፋው ትንሽ ድንጋይ ጋር፣ ተጠርቦ በሬ እየጎተተው ቱፋ ግቢ ደርሶላት ነበር። የቀረው ማሻገር ብቻ ነው። ደሴቲቱ ላይ ያሉት ወንዶች በሙሉ በደንገል ታንኳ አይሻገርም ብለዋታል። አባባ ደምሴም ብለዋታል። ግን ከሌሎቹ የሚለዩት፣ ከተናገሩ በኋላ የታንኳ መግፊያ ዘንጋቸውን ፍለጋ መነሣታቸው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ተሻግረን ከቱፋ ግቢ በታች ወረድን። አባባ ደምሴ ታንኳዋን ተዳፋቱ ላይ ስበው፣ እንዳትንሸራተት ከበታቿ ግንድ ወተፉ። ማታ ማታ ታንኳ ከውሃ እንደምትወጣ አይቻለሁ። ምክንያቱን ግን ጠይቄ አላውቅም፤ እንደ ከብት መሽቶ በረት የምትገባ ይመስለኝ ነበር።

"የሺ" አሉኝ አባባ ደምሴ ቀጭን በትር እየሰጡኝ፣ "እኛ ድንጋዩን አይተን እስክንመለስ ከብት እንዳይበላት ጠብቂ። ደንገል ለላም ማር ነው። ከመጡብሽ ጩኺ።"

መጮህ! እኔ ለአባቴ እንኳ የምናገረው በጆሮው ነበር። እነሱ ወደ ግቢው ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ፣ ውሃ ጠጥተው የሚመለሱ ከብቶች መጡ። አንዲት ቀይ ላም የታንኳዋን አፍንጫ ነክሳ መሳብ ጀመረች። በትሩን አነሣሁ። ላሟ አየችኝ። የሰው ላም መምታት ነውር ይሆን እያልኩ በትሩን መልሼ አወረድኩት። ሌላ ላም ደግሞ መጣች። በመጨረሻ ያገኘሁት ዘዴ፣ ግንዱን በእግሬ መትቼ ማውጣት ነበር። ታንኳዋ በእርጥቡ ሣር ላይ ተንሸራታ ውሃው ላይ ቀስ ብላ አረፈች። ገመዷን ከቄጠማው ጋር አሰርኩ። ላሞቹ ጥቂት አይተው ሄዱ። እኔም በብልሃቴ ኮራሁ፤ ታንኳ ውሃ ላይ ካልሆነች ምን ላይ ትሆናለች?

ሲመለሱ ጨልሞ ስለነበር ማንም አላየም። "ከብት መጣ?" አሉኝ አባባ ደምሴ። "ሄዱ" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወፍጮውን በሁለት አጣና ላይ አጋድመው አወረዱት። አባባ ደምሴ ታንኳዋ ውሃ ላይ ሆና ሲያዩ ደስ አላቸው።

"ቱፋ፣ ከእኔ ቀድመህ ተነሥተህ አውርደሃታል። የወጣት ነገር!"

ቱፋ ድንጋዩን ተሸክሞ እያቃሰተ ስለነበር አልሰማቸውም። በኋላ ሲነግረን፣ እሱም ሽማግሌው ያወረዷት መስሎት ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ገና ጥፋት መሥራቴን አላወቅሁም።

ወፍጮው መሐል ላይ፣ በገለባ ላይ ተኛ። አክስቴ መጁን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ዘነቡ፣ ልጅሽን ጡት አጥቢያት እንጂ" አላት ቱፋ። ቱፋ ሃያ ዓመት የሚሆነው፣ ከአፉ ሣቅ የማይጠፋ የአርሲ ልጅ ነው።

"ጥርስ አውጥታለች፤ ትነክሰኛለች" አለች አክስቴ። ያን ቀን የቀለደችው ይህን ብቻ ነው።

አባባ ደምሴ አማተቡ፤ ቱፋ "ቢስሚላሂ" አለ፤ ተነሣን። እንዲህ ያለ ጭነት ይዞ በሐይቁ መሐል መቁረጥ አይቻልም። መንገዳችን ዳር ዳሩን ወደ ደቡብ ሄደን፣ ደሴቲቱ ለየብስ በምትቀርብበት ቦታ ላይ መሻገር ነው። ያንንም ፀሐይ አናት ሳትደርስ። ዝዋይ ላይ ነፋስ የሚነሣው እኩለ ቀን ላይ ነው። እኔ ነፋሱ ከማዶው ኮረብታ በስተኋላ ታስሮ የሚያድር፣ ቀትር ላይ የሚፈታ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር። ውሃው እንደ ሻይ ቡናማ ነው። ከቄጠማው ውስጥ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ይነሡና ትንሽ ራቅ ብለው መልሰው ይቀመጣሉ። አንድ ቦታ አባባ ደምሴ ዘንጋቸውን አቁመው አፋቸው ላይ ጣታቸውን አደረጉ። ፊት ለፊታችን ሁለት ጆሮዎች ውሃው ላይ ተንቀጠቀጡ። ጉማሬው አስነጥሶ እስኪሰጥም ድረስ ማንም አልተነፈሰም።

ቀጥሎ እግሬ ረጠበ።

አባባ ደምሴም አይተውታል። "ዛሬ ከብዳለች" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ከድንጋዩ በላይ ከብዳለች" አሉ። ዘንጋቸውን ለቱፋ ሰጥተው ከጫፉ አንድ ደንገል ነቅለው ጨመቁት። ውሃ በጣታቸው መሐል ፈሰሰ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

"ውስጧ በስብሷል" አሉ። "ሳይበስል አጭጄ ጠፍሬያት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የበሰበሰ ደንገል አይመለስም፤ እየሰጠመ ነው የሚሄደው።"

"ዳር እንውጣ" አለ ቱፋ።

"ወጥተንስ? የበሰበሰች ታንኳ የብስ ላይም ያው ናት። ከነድንጋዩ አታሻግረንም።" ወደ አክስቴ ዞሩ። "ዘነቡ፣ ልጄ፣ ድንጋዩን እንልቀቀው። ባዶዋን ከሆነ እንደምንም ታደርሰናለች።"

"አይሆንም።"

"ዘነቡ..."

"ነገ ማክሰኞ ነው፣ አባባ። ድንጋዩን የሚጥል እኔን አስቀድሞ ይጣል።"

"አንቺማ መዋኘት ታውቂበታለሽ!" ሽማግሌው ቁጣ የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። "ይቺ ልጅስ? የወንድሜ ልጅ አምኖ የሰጠን እንድናሰጥማት ነው?"

አክስቴ አየችኝ። ስታየኝ ረጅም ጊዜ የቆየች ይመስለኛል፤ ምናልባት አጭር ነበር። ከዚያ መጁን ከጭኗ አውርዳ፣ ሁለት እጇን ወፍጮው ላይ አደረገች። ልትገፋው ነው። ያቺ የታጠፈች ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ድንጋዩን ሳትነካ ቀረች።

"ከማታ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነበረች" አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ድምፄ ከአፌ አልራቀም ነበር። ቱፋ ተነሥቶ ሊያግዛት ጎንበስ አለ።

"ውሃ ውስጥ ነበረች!" ጮህኩ። ወፎቹ ከቄጠማው ብድግ አሉ። "እኔ ነኝ የለቀቅኳት! ላሞቹ ሊበሏት ሲሉ! ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው ያደረችው!"

አባባ ደምሴ ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩኝ።

"ግንዱን አንቺ ነሽ ያወጣሽው?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

ሌላ ደንገል ነቀሉ። ይህን አልጨመቁትም፤ ሰንጥቀው አሸተቱት። ለቱፋ ሰጡት፤ እሱም አሸተተና ሣቀ።

"ትኩስ ነው" አለ። "ይኼ መቼ በሰበሰ? ውሃ ጠግቦ ነው እንጂ፤ ይደርቃል!"

"እኔ ሽማግሌው" አሉ አባባ ደምሴ ግንባራቸውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ "እኔ ሽማግሌው ሳላሸት ፈረድኩባት!" ከዚያ በፍጥነት፣ "ወደ ዳር! ወደ ዳር! ፀሐይ ሳለች!"

ቄጠማውን ጥሰን ወጣን። ድንጋዩን ጭቃ ውስጥ አንከባለሉት። ታንኳዋን ሦስቱም አንሥተው፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርገው ግራር ላይ አስደገፏት። ከታች በኩል ውሃው እንደ ጣራ ፍሳሽ ይንጠባጠብ ጀመር። ሊመቱኝ ነው ብዬ ከዛፉ በስተጀርባ ቆምኩ። አክስቴ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችና በትሩን ሰጠችኝ።

"ሂጂ ጠብቂያት" አለች። "እዚህም ላም አለ።"

ስለ ጥፋቴ ሌላ ነገር አልተናገረችኝም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ላም አለ ያለችው እውነቷን ነበር። አንዲት ቡሬ ላም ቀስ እያለች መጣች። አሁን መጮህ ችያለሁ፤ "ሂጂ! ተመለሺ! ባለጌ!" እያልኩ ጮህኩ። ላሟ ቆማ ታመሰኳለች።

"የሺ!" አለ ቱፋ ከሩቅ፣ "የአርሲ ላም እኮ ናት፤ አማርኛ ከየት አምጥታ? 'ዴሚ!' በያት!"

"ዴሚ!" አልኩ። ሄደች። ቱፋ መሬት ላይ ተንከባለለ። ላሟ የሄደችው በኦሮምኛው ይሁን በድንጋጤ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነፋሱ በጊዜው ተፈታ። ሐይቁ ነጭ በነጭ ሆነ። መሻገር የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። አባባ ደምሴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ጋደም አሉ። አክስቴ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ድንጋዩን ዞረችው። ጠርበው እንጂ ወቅረው አልሰጧትም ነበር፤ ፊቱ ገና ለስላሳ ነው፤ ካልሻከረ እህል አይዝም።

"ቱፋ፣ መዶሻና መውቀሪያው አለህ አይደል? ቁጭ ብለን ውሃ ከምናይ እንውቀረው።"

"እዚህ? ጭቃ ውስጥ?"

"ድንጋዩ ጭቃ አይጠላም።"

ቱፋ ወቀረ፤ ሲደክመው እሷ ተቀበለችው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከማዕበሉ ጋር ሆኖ ከቀትር እስከ ማታ ድረስ አላቋረጠም። ከአካባቢው አንድ እረኛ ወተት አመጣልንና የምንሠራውን ሲያይ ቆየ። ቱፋን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ቱፋም መለሰለት። "ምን አለ?" አለች አክስቴ። "ሰዎቹ መንገድ ላይ ነው ቤት የሚሠሩት? ነው የሚለው።" "ምን አልከው?" "አዎ አልኩት።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባባ ደምሴ ተነሥተው ታንኳዋን በጡጫቸው ደበደቧት። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጥቂት አሰቡ።

"ሁላችንንም አትችልም" አሉ። "ነፋሱ ፀሐይ ኮረብታውን ሳትነካ ከወደቀ እንሄዳለን። ካልወደቀ እዚሁ እናድራለን፤ ያን ጊዜ ክርክር የለም፣ ዘነቡ። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ከሄድንም አንድ ሰው ይቀራል።"

ቱፋ እጁን አወጣ። "ከባዱ እኔ ነኝ። በእግሬ እመለሳለሁ።"

"አንተ ከቀረህ ሁለተኛውን ዘንግ ማን ይይዛል?"

አክስቴ ዘንጉን ከግራሩ ላይ አነሣችው።

ከዚያ ሁላችንም ውሃውን ስናይ ቆየን። እኔ ፀሐይዋን ነበር የማየው፤ ከኮረብታው ጋር ያላትን ቦታ በጣቴ እየለካሁ። ሦስት ጣት። ሁለት ጣት። አክስቴ መቀነቷን አጠበቀች። አንድ ጣት ሲቀር ቄጠማው መታጠፉን ተወና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ማቋረጡ ብዙ የሚነገር የለውም። ሞገዱ ገና አልሞተም ነበር፤ አንዳንዱ ከጎን እየመጣ ጭናችንን ያረጥባል። መጁን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባባ ደምሴ ከፊት፣ አክስቴ ከኋላ ሆነው ዘንጉ መሬት እስኪያጣ ገፉ፤ ከዚያ መቅዘፊያ አነሡ። ትንፋሿን ከኋላዬ እሰማ ነበር፤ ሲያጥርባት ትቆማለች ብዬ እጠብቃለሁ፣ አትቆምም። የደሴቲቱ ዛፎች መጀመሪያ አንድ ጥቁር ነገር ነበሩ። ቆይቶ እያንዳንዳቸው ተለዩ። ከዚያ የታንኳዋ አፍንጫ አሸዋውን ነካ፤ አክስቴ ግን መቅዘፏን አላቆመችም። አባባ ደምሴ እጇን ያዙላት። "ደርሰናል እኮ፣ ልጄ" አሏት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ወፍጮው ጎጆው ውስጥ፣ መደቡ አጠገብ ተተክሎ ነበር። አዲስ የተወቀረ ወፍጮ የመጀመሪያ ዱቄቱ አይበላም፤ የድንጋይ ብናኝ ስለሚኖረው ለዶሮ ይጣላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተፈጭቶበት ነው ለሰው የሚሆነው። ሁሉም ሴት ያውቀዋል፤ ጎረቤቶቻችንም ዱቄት እናበድርሽ ብለው መጡ። አክስቴ አመስግና መለሰቻቸው። ካለን አንድ ቁና ገብስ ገሚሱን ፈጨች፣ አቦካች፣ ቂጣ ጋገረች።

ሽማግሌዎቹ ከነአቶ ሽብሩ ሲደርሱ ገና እየፈጨች ነበር። ድምፁን ከውጭ ሰምተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እሷ የያዘችውን እፍኝ ሳትጨርስ ቀና አላለችም።

"ግቡ" አለች። "ቤት ለእንግዳ።"

ገብተው መደቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቂጣውን እኔ አቀረብኩ። አባ ወልዴ ባርከው ቆረሱና ለሁሉም አደሉ። ማኘክ ጀመሩ። ጎጆው ውስጥ ከጥርሳቸው መሐል የሚወጣው ቅርጭ ቅርጭ ብቻ ይሰማ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ጉንጩን ያዘ። ሌላው ጣራውን አየ። አቶ ሽብሩ ማኘኩን አቁሞ፣ ሊተፋ ወደ ደጁ ዞረ።

አባ ወልዴ ዘንጋቸውን በፊቱ አጋደሙት። የያዙትን ጉርሻ ቀስ ብለው አላምጠው ጨረሱ።

"ዋጠው፣ ሽብሩ" አሉት። "የሰው ቤት ነው።"